በኬላ ላይ የሚነሣ ጥያቄ

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. ደርቡሽን ሲወጉ የቆሰሉባት መተማ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሌላ ነገር አየች፤ ይኸውም በካርቱም የተነሣው ጦርነት የብዙ አገር ሰዎችን በገላባት በኩል ወደ እርስዋ አፈለሰ። የውጭ አገር ሰው ፓስፖርቱን አሳይቶ ወደ ጐንደር አለፈ። በካርቱም የተወለደው የኢትዮጵያዊት ልጅ ግን እናቱ ወረቀቷን ጥላ ሸሽታ እንደ ሆነ ምን ያሳይ?

እንግዲህ አገር ልጇን የምታውቀው በወረቀት ነውን? ኬላ ጠባቂው መጠየቁ ነውር አይደለም፤ ድንበር ደም እንደሚያስከፍል መተማ ታውቃለች። ነገር ግን በዚያ በቆላው ሐሩር ከውኃው አስቀድሞ ወረቀቱን የሻ እንደ ሆነ ሥርዐቱን ጠብቆ ሰውን ረሳ እላለሁ። ልጁ የእናቱን አገር አፈር ሲረግጥ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ወረቀትህ» ይሁን ወይስ «ጠጣ»?