የተማሪው መዝገብ የማን አማና ነው?

ውድ አንባቢያን፣ ልጅዎን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ ምን ምን እንደ ሰጡ አስተውለው ያውቃሉን? ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ አድራሻዎን፣ ስልክዎን። ውሎ አድሮም ውጤቱና የተቀጣበት ጥፋት ይጨመርበታል። ታዲያ አንድ ቀን ፖሊስ መጥቶ «አሳዩኝ» ቢልስ?

እኔም የመድረሳ መዝገብ እይዛለሁ። አንድ ጊዜ «ከሕግ ክፍል ነኝ» ያለ ሰው ስለ አንድ ደረሳ ቤተሰብ ጠየቀኝ። ወረቀት አልያዘም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ከፍርሃቴ የተነሣ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩለት። አባትየው ይህን በሰማ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገረኝ ልጁን ይዞ ሄደ።

በአሜሪካ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ወገኖቻችን በዚህ ረገድ ሕግ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው «ፈርፓ» የተባለው ሕግ፣ ከፌዴራሉ መንግሥት የትምህርት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ መዝገቡን ለሌላ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ መብቱ የራሱ ይሆናል። ሆኖም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመጣ ወይም የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከወደቀ መስጠት ይፈቀዳል። በትእዛዝ ሲሰጥም በአብዛኛው ቤተሰቡ አስቀድሞ እንዲያውቅ ትምህርት ቤቱ መጣር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው «ፓትሪዮት አክት» ግን በሽብር ምርመራ ቤተሰቡ ሳያውቅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መውሰድን ፈቀደ።

«ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ጥያቄው የልጁ ንጽሕና ሳይሆን የጠባቂው ታማኝነት ነው። ዲናችን አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ ያዘናል፤ የሰውን ነውር መሰለልንም ይከለክላል። በሌላ በኩል ምስክርነትን መደበቅም ኃጢአት ነው። ስለዚህ ነፍስ ሊጠፋ ሲል «አደራ ነው» ብሎ ዝም ማለት አማና መጠበቅ አይደለም። በሩን ላንኳኳ ሁሉ መዝገብ መግለጥም ለፍትሕ መቆም አይደለም። ሁለቱን የሚለየው ሚዛን ይህ ነው፦ የጠየቀው ሰው ሥልጣኑን በጽሑፍ ያሳይ፤ ጠባቂውም ከተጠየቀው አንዲት መስመር አያስበልጥ።

ወላጆች ሆይ! የምትፈርሙትን ቅጽ አንብቡ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቱ ስምና አድራሻን የመሳሰለውን ያለ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል፤ እንዳይሰጥ የምትሹ በጽሑፍ አሳውቁ። እኛም መምህራን በፍርሃት የሰጠነውን አላህ እንደሚጠይቀን አንዘንጋ።

አላህ አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። ኣሚን።