ሰጥቶ ስለ መንሣት

ሰው አንድን ዕቃ ዋጋውን ከፍሎ ከገዛ በኋላ «ይህ የኔ ነው» ይላል። ነገር ግን «የኔ ነው» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ቆም ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነው። ላም የገዛ ሰው ወተቷንም ገዝቷል፤ ቤት የገዛ ሰው እልፍኙንም ጓዳውንም ገዝቷል። ታዲያ ሻጩ ከቤቱ ክፍሎች አንዱን ቈልፎ ቍልፉን ይዞ ቢሄድ ምን እንላለን? ደግሞስ ሲሸጥ ክፍት አድርጎ ያሳየውን ክፍል ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ቢዘጋውስ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ፤ በውነቱ ግን እጅግ የተለያዩ ናቸው። እኔም ልዩነታቸውን የተማርሁት በመጀመሪያ ከአንድ የጨዋታ መኪና ታሪክ፥ ቀጥሎም ከራሴ ጥፋት ስለ ሆነ፥ ሁለቱንም በተራ እናገራለሁ።

ታሪኩን ያጫወተኝ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማር የወንድሜ ልጅ ነው። ዓመቶቹን የምጽፋቸው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ሶኒ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በኖቬምበር 2006 ፕሌይስቴሽን 3 የተባለውን የጨዋታ መኪና ለገበያ አወጣ። ይህ መኪና በቴሌቪዥን ከማጫወት ሌላ አንድ ብርቅ ነገር ነበረው፤ ባለቤቱ ቢፈልግ ሊኑክስን ጭኖበት እንደ ማንኛውም ኮምፒዩተር ሊሠራበት ይችል ነበር። ሊኑክስ ማለት ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ በ1991 የጀመረው፥ ከዚያም ከየአገሩ ብዙ ሰዎች በኅብረት ያሳደጉት፥ ማንም በነፃ ወስዶ የሚሠራበትና የሚያሻሽለው የኮምፒዩተር መሪ ፕሮግራም ነው። ኩባንያው ይህ መንገድ በመኪናው ውስጥ መኖሩን ራሱ አስታውቆ ሸጠ።

ይሁን እንጂ በሩ ወለል ብሎ አልተከፈተም። ሊኑክስ ከመኪናው አካል ጋራ በቀጥታ አይገናኝም፤ በመካከላቸው ሃይፐርቫይዘር የሚባል ሌላ ፕሮግራም እንደ እልፍኝ አስከልካይ ቆሞ፥ የሚነካውንና የማይነካውን ይወስናል። ሴል የተባለው የመኪናው አንጎል ከአንድ ዋና ሠራተኛ ጋራ 8 ረዳቶች ተሠርተውለታል። ከነዚህም አንዱ በፋብሪካ ይዘጋል፥ አንዱ ለመኪናው ለራሱ ጥበቃ ይያዛል፤ ለሊኑክስ የሚተርፉት 6 ብቻ ናቸው። ከሁሉ የከበደው ክልከላ ግን ሥዕል በሚሥለው ክፍል ላይ ነበር። አርኤስኤክስ የሚባለው ይህ ክፍል የራሱ 256 ሜጋባይት ማስታወሻ ነበረው፤ የጨዋታው ውበት ሁሉ የሚመጣው ከሱ ነው። ሊኑክስ ግን ያለቀለትን ሥዕል ወደ ቴሌቪዥኑ ከመላክ በቀር ክፍሉን ሥራ ለማዘዝ አልተፈቀደለትም። ስለዚህ ባለቤቱ ሥዕሉን ሁሉ በሌላው አንጎል እያስሣለ፥ ለሥዕል የተሠራው ክፍል ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ይመለከት ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» የተባለው በዚህ ሰው ደረሰበት።

የወንድሜ ልጅ እዚህ ላይ ሲደርስ «ይህስ ግፍ ነው» አልሁት። እሱ ግን «ጋሼ፥ ይቈዩ እንጂ፤ ይህ ገና ግፍ አይደለም» አለኝ። በኋላ ሳስበው እውነት ነበረው። ኩባንያው መኪናውን በመጀመሪያ የሸጠው ካወጣበት ወጪ ባነሰ ዋጋ ነው፤ ትርፉን የሚጠብቀው ከጨዋታዎቹ ሽያጭ ነበር። የሥዕሉ ክፍል ለሁሉ ቢከፈት፥ ማንም ሰው ድርሻ ሳይከፍል ጨዋታ እየሠራ ሊያጫውትበት ይችላል ብሎ ቢሠጋ አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ ክልከላው ከመጀመሪያው ቀን የነበረ ስለ ሆነ፥ የገዛ ሁሉ የገዛው ያንኑ ክልከላ ያለበትን ዕቃ ነው። ያልሸጠውን ያልሰጠ ሰው ንፉግ ይባል እንደ ሆነ እንጂ ሌባ አይባልም።

እንዲያውም በዚያ በጠበበው በር ገብተው ትልቅ ሥራ የሠሩ ሰዎች ነበሩ። በ2007 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ዳርትመዝ አንድ የፊዚክስ መምህር 8 መኪናዎችን አያይዞ፥ በጠፈር ውስጥ ስላሉት ጥቍር ጕድጓዶች አሰላባቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል የምርምር ቤትም በ2010 ከ1,700 በላይ መኪናዎች አስተባብሮ አንድ ታላቅ የስሌት መኪና አቆመ። ለነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው አንጎሉ እንጂ የሥዕሉ ክፍል ስላልነበረ፥ በተሰጣቸው ተጠቀሙ፤ በተከለከሉትም አልተጣሉም።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በጃንዩዋሪ 2010 ጆርጅ ሆትዝ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በሊኑክስ በኩል ገብቶ ያንን እልፍኝ አስከልካይ እንዳለፈው አስታወቀ። ኩባንያውም ለጥበቃ ስል ነው ብሎ፥ በኤፕሪል 1 ቀን 2010 ባወጣው 3.21 በተባለው ማደሻ ሊኑክስ የሚጫንበትን በር ጨርሶ ዘጋው። ማደሻውን መቀበል ግዴታ አልነበረም፤ ነገር ግን ያልተቀበለ ሰው በኩባንያው መረብ ከሌሎች ጋራ መጫወት ይቀርበታል፥ ማደሻውን የሚሹ አዳዲስ ጨዋታዎችም አይከፈቱለትም። እንግዲህ ባለቤቱ በአንድ ዋጋ ከገዛቸው ሁለት ነገሮች አንዱን እንዲጥል ተጠየቀ ማለት ነው። የሁለት በሬ ጌታ የሆነውን ገበሬ «የትኛውን ልውሰድብህ?» ብሎ መጠየቅ ምርጫ መስጠት ነውን?

ለኩባንያው የሚከራከር ሰው «ሌባ መጣ ሲባል በሩን የማይዘጋ ማን ነው?» ይል ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው፤ ነገር ግን የሚዘጋው በር የማን በር ነው? የራሱን በር የሚዘጋ ሰው ብልኅ ነው። የሸጠውን በር የሚዘጋ ግን ሌባውን ፈርቶ የሰላማዊውን ሰው ንብረት ይወስዳል። አንድ ሰው በሠራው፥ ሊኑክስን ለትምህርትና ለሥራ ያዋሉት ሁሉ ተቀጡ። መዝጋቱ የማይቀር ግድ ቢሆን እንኳ፥ የዋጋውን ልክ መመለስ ይገባ ነበር። ይህ ስላልተደረገ ገዢዎች በዚያው ዓመት በአሜሪካ ክስ አቀረቡ፤ ነገሩም ብዙ ዓመት ከፈጀ በኋላ ኩባንያው 3,750,000 ዶላር እንዲከፍል በስምምነት አለቀ። የተፈራውም ነገር አልቀረም። በዲሴምበር 2010 በበርሊን በተደረገ ስብሰባ ጥቂት ዐዋቂዎች የመኪናውን ምስጢር ፊርማ እንዴት እንደ ፈቱት በአደባባይ አሳዩ፤ ሰዎችን ለዚህ ያነሣሣቸው የሊኑክስ መወሰድ ነው ብለውም ተናገሩ። በሩ ክፍት በነበረበት ጊዜ ብዙዎቹን ከመስበር የከለከላቸው መተማመኑ ነበርና፥ መተማመኑ ሲፈርስ ቍልፉ ብቻውን አልበቃም። አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያሉት ቃል ከቍልፍ እንደሚበረታ ዐውቀው ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቼ በኩባንያው ላይ የተናገርሁት ከባድ ቃል ዛሬ ያሳፍረኛል። የወንድሜ ልጅ ቃሌን እስክጨርስ ዝም ብሎ ቈየና፥ ዓይኑን በግቢዬ ማድቤት በር ላይ ወደ ተንጠለጠለው ጓጕንቸር መለሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢዬ ውስጥ ሦስት ተከራዮች አሉኝ። ከነሱም አንዷ እንጀራ ጋግራ በመሸጥ ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ቤቱን ሳከራያት ዕቃ ቤቱ የኔ መሆኑን፥ በማድቤቱ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ምጣድ መጣድ እንደምትችል ነግሬያት ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌላው ተከራይ ሳያስፈቅደኝ ከማድቤቱ ሽቦ ስቦ ብረት ሲበይድ ቈጣሪውን አቃጠለው። እኔም ተቈጥቼ ማድቤቱን በሁሉም ላይ ቈለፍሁት። ሴትዮዋ መጥታ «ጋሼ፥ ዕቃ ቤቱን ተዘግቶ ነው ያገኘሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ይክፈቱልኝ ብዬዎት ዐውቃለሁ? ማድቤቱን ግን አከራይተውኝ ነበር» አለችኝ። እኔ ግን «ካልተስማማሽ ሌላ ቤት ፈልጊ» ብዬ መለስኋት። እነሆ ኩባንያው የሰጠውን ምርጫ እኔም ሰጠኋት። ኩባንያው የፈራው ለብዙ ገንዘብ ነው፤ እኔ ግን ለአንድ ቈጣሪ ብዬ አደረግሁት።

በማግሥቱ ማድቤቱን ከፈትሁ፤ የቈጣሪውን ዋጋ ያቃጠለው ሰው እንዲከፍል አደረግሁ፤ ለተዘጋበትም ወር የሴትዮዋን ኪራይ መለስሁ። ነገር ግን እንጀራ ታቀርብለት የነበረው ምግብ ቤት ሌላ ጋጋሪ ይዞ ነበርና አልተመለሰላትም። እሷም ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ትሰጠኛለች፤ ሊጡን ከማቡካቷ በፊት ግን ማድቤቱ ክፍት መሆኑን መጥታ ታያለች። ይህን ባየሁ ቍጥር ልቤ ይወቅሰኛል።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፥ ይህ ነገር የጨዋታ መኪና ነገር ብቻ አይምሰልህ። በዚህ ዘመን በኪሳችን የምንይዘው ስልክ እንኳ ከተሸጠ በኋላ የሻጩ እጅ ከሩቅ ይደርስበታል፤ ቍልፍ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህ ፈተና አለበት። የማትሰጠውን አስቀድመህ «አልሰጥም» በል፤ የሚቀየምህ ቢኖርም የሚከስህ አይኖርም። የሰጠኸውን ግን ሌላ ሰው ስላጠፋ ብለህ ከሰጠኸው ሰው አትውሰድ። ግድ ሆኖብህ ብትወስድም ዋጋውን መልስ፤ ሳትዘገይም መልስ። እኔ የዘገየሁት አንድ ወር ብቻ ነበር፤ ለዚያች ሴት ግን አንድ ወር ብዙ ነበረ።