ጭነት የማይሆነው፦ የአክሱም ሐውልት በረራና የየካ ዋሻ ሚካኤል

ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ከቴክኒክ ታሪክ ባሻገር አንድ የቆየ የፍልስፍና ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም አንድ ነገር ከቆመበት ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ ሲወሰድ ያው ነገር ሆኖ ይቀጥላልን፣ ወይስ ቦታው ራሱ የነገሩ አካል ነው የሚለው ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 1997 ዓ.ም. ማለዳ ከሮም የመጣ አንቶኖቭ 124 የአክሱምን ሐውልት አንድ ክፍል ይዞ አክሱም ባረፈ ጊዜ ጥያቄው ከመጻሕፍት ወጥቶ በዐይን የሚታይ ጉዳይ ሆነ።

ሩስላን የሚባለው ይህ አውሮፕላን ኪየቭ በሚገኘው የአንቶኖቭ የንድፍ ቢሮ ተነድፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በታኅሣሥ 1975 ዓ.ም. ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ73 ሜትር በላይ ይዘረጋል፤ አራት ሞተሮች ሲኖሩት፣ ከባዱን አካሉን መሬት ላይ የሚሸከሙት 24 ጎማዎች ናቸው። አፍንጫው ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ ይከፈታል፤ የፊት እግሮቹ ሲታጠፉም እንደ ግመል ይንበረከካል፤ በዚህም ጭነቱ በተዳፋት መወጣጫ ላይ እየተሳበ ወደ ሆዱ ይገባል። ጭነቱን የሚያደላድለው ባለሙያ የሚጠይቀው ስለ ክብደቱ፣ ስለ መጠኑና ስለ ክብደት ማእከሉ ነው፤ የክብደት ማእከል ማለት የጠቅላላው ሸክም ክብደት እንደተሰበሰበበት የሚቆጠረው ነጥብ ሲሆን፣ ይህ ነጥብ ከተወሰነለት ክልል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካለፈ አውሮፕላኑን በአየር ላይ ሚዛኑን ጠብቆ ማብረር አይቻልም። በዚህ ስሌት ፊት የኀይል ማመንጫ ተርባይንና የጥንት ነገሥታት ሐውልት ልዩነት የላቸውም።

ሐውልቱ 24 ሜትር ያህል ርዝመትና ከ150 ቶን በላይ ክብደት አለው። የፋሺስት ወራሪ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ሲያግዘው ቀድሞውንም ወድቆ የተሰባበረ ነበር፤ በ1939 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን የዘረፈችውን እንድትመልስ ብትገደድም፣ ድንጋዩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በባዕድ አደባባይ ቆሞ ቀረ። በ1996 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ ከወረደ በኋላ የመጣው በሦስት በረራዎች ነው። በረራዎቹ ማለዳን መምረጣቸው ከአየሩ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነበር፤ በከፍታ ስፍራ አየሩ ይሳሳል፣ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይበልጥ ስለሚሳሳ ክንፍ የሚያገኘው የማንሣት ኀይል ይቀንሳል።

የቅዱስ ነገር ጉዞ በመጽሐፍ ቅዱስም የታሰበበት ጉዳይ ነው። በኦሪት ዘፀአት የቃል ኪዳኑ ታቦት መሎጊያዎች ከቀለበቶቻቸው እንዳይወጡ ታዝዟል፤ ታቦቱ ከመጀመሪያው ለጉዞ የተዘጋጀ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ በትከሻ ሊሸከሙት የሚገባውን በሰረገላ በጫኑት ጊዜ፣ በሬዎቹ ሲፋንኑ እጁን የዘረጋው ዖዛ ተቀሠፈ። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተዘርፎ በኤድንብራ የተገኘው ታቦት በየካቲት 1994 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሲመለስም፣ ሊቀበሉት የወጡት ካህናትና ምእመናን የጠበቁት ዕቃ አልነበረም። ታቦት የሚንቀሳቀሰው በሥርዐት፣ በካህን ራስ ላይ ነውና የትም ቢሄድ ያው ታቦት ነው።

በአንጻሩ በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ጋር በሚያያዘው ኮረብታ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ከዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ትውፊት ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን ሲወስደው ተመራማሪዎች በብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ እንደተሠራ ይገምታሉ። ጠራቢዎቹ ከውጭ ያመጡት ግንብ የለም፤ ከተራራው ዐለቱን እየቀነሱ ግድግዳውንና ዐምዱን አስቀሩ እንጂ። ወደ ቦሌ ከሚወርዱት አውሮፕላኖች መካከል ግዙፉ እንኳ ሊጭነው አይችልም፤ ቢቈረጥም የሚጫነው ድንጋይ እንጂ ዋሻው አይሆንም። ጣሪያው የፈረሰው ይህ ቅርስ ከጠፋ በውል የሚያስመልሱት፣ በካሳ የሚተኩት ነገር ስላልሆነ፣ እንደ አክሱሙ ሐውልት ያለ ቍጭት ሳይጠብቅ ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል።

ከዚህ ተነሥቶ ሐውልት ጭነት ነው፣ ዋሻ ግን አይደለም ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ ሐውልቱ ራሱ ከአክሱም በስተምዕራብ ካለው የጎቦ ድራ የድንጋይ ማውጫ ተጠርቦ፣ በሰው ጉልበት ወደ መካነ መቃብሩ የተጓዘ ነውና። ቦታውን የሰጠው ተፈጥሮ ሳይሆን ሙታኑን ሊያከብር የተነሣ ሕዝብ ነው፤ የሰው ውሳኔ ያጸናውን ቦታ ደግሞ የወራሪ ውሳኔ ሊሽረው አይችልም። የሮም ቆይታው ወደ ሰባት ዐሥርት ዓመታት ቢጠጋም ባለመብትነትን ያላስገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ ርዝመቱ፣ ቅርጹና ጥርቡ ያው ሆኖ ሳለ፣ በዚያ የቆመው የምርኮ ምልክት ነበር። አውሮፕላኑ ድንጋዩን አመጣ፤ ሐውልቱን ግን አልመለሰም። በአካባቢው ከመሬት በታች መቃብሮች መኖራቸው በጥናት በመረጋገጡ ተከላው ጥንቃቄና ጊዜ ጠየቀ፤ በሰዓታት በረራ የደረሰው ድንጋይ ከመቃብሮቹ ጎን ቆሞ የተመረቀው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር።