ጳውሎስ በስውር ለመውጣት ለምን እምቢ አለ?



በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ቅዱስ ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ ከተማ ያለ ፍርድ በሕዝብ ፊት በበትር ተደብድበው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ወኅኒ እንደገቡ እናነባለን። በማግሥቱ ገዥዎቹ ይፈቱ ዘንድ ላኩ። ጳውሎስ ግን አልወጣም። በአደባባይ የተፈጸመው በደል በስውር እንዲሸፈን አልፈቀደም፤ የሮማ ዜጋ መሆኑን አስታውቆ ገዥዎቹ ራሳቸው መጥተው እንዲያወጧቸው ጠየቀ። እነርሱም ፈርተው መጡ፣ ለመኗቸውም።

ይህ እልከኝነት ነውን? አይደለም። ሐዋርያው ስለ ክርስቶስ ብዙ መከራን በትዕግሥት የተቀበለ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያች ከተማ፣ በልድያ ቤት፣ ገና የተወለደች ማኅበር ነበረች። እርሱ በስውር ቢወጣ ኖሮ እንደ ወንጀለኛ ሾልኮ ሄደ ይባል ነበር፤ ጥርጣሬውም በሚቀሩት ላይ ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ሕጉን የጠራው ለራሱ ክብር ሳይሆን ለደካሞቹ ከለላ እንዲሆን ነው ብለን እናስተውላለን።

ሀገራችን የስውር አሠራርን ዋጋ ከፍላ አይታዋለች። በ1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ እንዲሁም የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በደርግ ዘመን በስውር ተገደሉ። ፍርድ አልተነበበም፣ መቃብር አልተነገረም። አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ንጋቱ እስኪደርስ ግን ስንት ቤተሰብ እርሙን ሳያወጣ ኖረ!

ቤተክርስቲያን ምሥጢርን ሁሉ አትነቅፍም። መንግሥትም ለሕዝብ ደኅንነት ሲል የሚጠብቀው ምሥጢር ይኖረዋል። ነገር ግን ካህን የሚጠብቀው የኑዛዜ ምሥጢር ደካማውን ሲከልል፣ ሰውን ከሕግ ዓይን የሚሰውር ምሥጢር ኃይለኛውን ከተጠያቂነት ይከልላል። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ1963 እ.ኤ.አ. «ሰላም በምድር» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ሰው ስለ ሕዝብ ጉዳይ እውነተኛ መረጃ የማግኘትና በሕግ የመጠበቅ መብት እንዳለው አስተምረዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ በአንቀጽ 21 ዘመዱ፣ ሐኪሙ፣ የሕግና የሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኙት ይደነግጋል። ይህ የመጨረሻው ለእኛ ለካህናት መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታ ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ቀርቶ ሰው ሲሰወር ዝም ብንል፣ የሸፋኙ ተባባሪዎች እንሆናለን።

ስለዚህ በሥልጣን ላይ ያላችሁ ልጆቻችን፣ የተያዘውን ሰው ስም በመዝገብ ጻፉ፤ ያለበትን ሥፍራ ለቤተሰቡ ንገሩ። ምእመናን ሆይ፣ ጎረቤታችሁ ሲታሰር «አንድ ነገር ቢያደርግ ነው» ብላችሁ ከዳኛ በፊት አትፍረዱ፤ ስንቅ የምታመላልሰውንም ሚስት ብቻዋን አትተዉአት። እኛም ካህናት ወደ እሥር ቤቱ በር እንሂድ፤ ብንመለስም ደግመን እንሂድ።

በግልጽ አስተምሮ በሌሊት የተያዘው፣ የታሰረውንም መጎብኘት እርሱን እንደ መጎብኘት የቈጠረልን ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ለገዥዎች ፈሪሃ እግዚአብሔርን፣ ለእኛም ድፍረትን ይስጠን። አሜን።