መጀመሪያ በርሜሉን ክፈቱ

ባለፈው እሑድ አንዲት የሰፈራችን ልጅ ሁለት ወረቀት ይዛ ድሬዳዋ ቀዚራ ካለው ግቢዬ መጣች። አንደኛው የባዮሎጂ፣ ሌላኛው የአካባቢ ሳይንስ የማስተርስ ቅበላ ነው። ኒሟ ሥር ተቀመጥን፣ ሻይ ቀረበ፣ እናንተ ተመራቂዎች ሁላችሁም የምታመጧት ጥያቄ ተከተለች፦ «ጋሼ፣ የትኛው ይሻለኛል?»

አልመለስኩላትም። ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለውን በርሜል ከፍተሽ እይው አልኳት። ሳምንት ያህል ሳይነካ የቆየ ውኃ ነው። አጎንብሳ አየችና «ትል ገብቶበታል» አለች። አራት ዓመት ባዮሎጂ የተማረች ልጅ ናት፤ አልፈረድኩባትም፤ የቢምቢ እጭ የምታውቀው ከመጽሐፍ ላይ ነው።

እንደገና አጎነበስን። ከውኃው ፊት ጋር እኩል ጋደም ብሎ፣ እንደ ሰንበሌጥ ስባሪ የሚንሳፈፈው የአኖፌለስ፣ ማለትም የወባዋ ቢምቢ እጭ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌሎቹ ነው፤ ከእነሱ አንዷ በ2011 ዓ.ም. ክረምት የድሬን ሰው መገጣጠሚያው ተይዞ እንዲጎብጥ ያደረገውን ቺኩንጉንያ ያዛመተችው ኤዴስ ናት። የእኔ በርሜል ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ነበሩ፤ አፈርኩ።

እኛ ስናድግ ወባ ከዝናብ በኋላ፣ ከኩሬና ከወንዝ ዳር የሚመጣ በሽታ ነበር። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ከደቡብ እስያ የመጣች ቢምቢ ግን ኩሬ አትጠብቅም፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ጉድጓድ ይበቃታል። በ2012 እ.ኤ.አ. ጂቡቲ፣ በ2016 ቀብሪ ደሃር ታየች። በ2014 ዓ.ም. በጋ፣ ወባ ይተኛል ብለን በምናስብበት ወራት፣ ድሬዳዋ ላይ ከ2,400 በላይ ሰው ታመመ፤ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችም ነበሩበት። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች መጥተው ነገሩን ከዚህችው ቢምቢ ጋር አያያዙት፤ ጥናቱም ዓለም በሚያነበው መጽሔት ወጣ። ከእናንተ መካከል ስንቶቻችሁ አንብባችሁታል? የሰፈራችሁ ወሬ እኮ ነው።

ልጅቷን ሁለቱን ወረቀት በዚህ በርሜል ላይ አስቀምጪያቸው አልኳት። ባዮሎጂ የገባ ሰው እጩን ወደ ላብ ይወስደዋል፤ ዝርያው የትኛው ነው፣ ዲኤንኤው ምን ይላል፣ የምንረጨው መድኃኒት ይገድለዋል ወይስ ለምዶታል፣ የደረሰችው ቢምቢ ሰውን ትነክሳለች ወይስ ከብትን፣ ይላል። የአካባቢ ሳይንስ የገባ ሰው በርሜሉ ራሱ ለምን እዚህ ተቀመጠ ብሎ ይነሳል። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ውኃ በጀሪካን የሚገዛውና ሮቶ ያለው ቤት እኩል ይታመማሉ? ሙቀቱ ሲጨምር የቢምቢዋ ዕድገት ስንት ቀን ያጥራል? ካርታ ይሠራል፣ ቤት ለቤት ይጠይቃል፣ ውኃ ይመረምራል፣ አዋጅ ያገላብጣል።

ሁለቱም የሚያስከፍሉት አለ። ባዮሎጂ በአገራችን ብዙውን ጊዜ ወደ መምህርነት ይወስዳል፤ ላቡ የሌለበት ቦታ ከተማራችሁት ደግሞ ወደ ጠመኔ ብቻ። የአካባቢ ሳይንስ በሩ ሰፊ ነው። አዋጅ ቁጥር 299/1995 ትልልቅ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲሠራላቸው ስለሚያዝ ባለሙያ ይፈለጋል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካና ነፃ የንግድ ቀጠና ባለባት ድሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ቀምሶ አንዱንም ሳይጠግብ የሚመረቅ ብዙ ነው። በእጄ ከገቡት የግምገማ ሪፖርቶች አንዱ ላይ ድሬ ውስጥ የሌለ የዛፍ ዝርዝር አግኝቻለሁ፤ ከሌላ አገር ሪፖርት ላይ እንዳለ ተገልብጦ። ስለዚህ አካባቢ ሳይንስን ከመረጣችሁ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፤ ወይ የውኃ ኬሚስትሪ፣ ወይ ጂአይኤስ፣ ወይ ስታቲስቲክስ። ስታቲስቲክሱን ባዮሎጂ ለምትገቡም እላችኋለሁ፤ ስትፈሩት አውቃችኋለሁና።

እኔ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። የተማርኩበትን ቦታ አልጠራም። የመረጥኩት ከተማው ደስ ስላለኝ ነበር፤ ነፋሻ ነው፣ ሐይቅ አለው፣ ጓደኞቼ እዚያ ናቸው። አማካሪዬ ማን እንደሚሆን አልጠየቅኩም። በሁለተኛው ዓመት መምህሩ ውጭ አገር ሄደው ቀሩ። ሁለት ክረምት የሰበሰብኩት ናሙና ያለበት ፍሪጅ ከዓርብ እስከ ሰኞ መብራት ጠፍቶበት ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ኮሪደሩ ድረስ ወጣ። የሁለት ዓመቱ ትምህርት አራት ሆነ። ያን ጊዜ ጀኔሬተር አላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ!

እናንተ ጠይቁ። የምትገቡበት ክፍል ባለፉት ሦስት ዓመታት የተጻፉ ቴሲሶችን አውጥታችሁ አንብቡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መዛግብት በኢንተርኔት ክፍት ናቸው፤ ስልካችሁ ላይ ይከፈታሉ። ዘዴ የሚለውን ምዕራፍ ተመልከቱ፤ ተማሪው ራሱ ሠርቶታል ወይስ ናሙናውን ሌላ ቦታ ልኮ ውጤት ተቀብሏል? የምስጋናውን ገጽም አትዝለሉ፤ የፊልዱን ወጪ ማን እንደከፈለ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ እዚያው ያሉ ተማሪዎችን ሻይ ጋብዟቸው፤ አማካሪያቸው የጻፉትን በስንት ጊዜ አንብበው እንደሚመልሱ ይነግሯችኋል።

ስለ ቦታዎቹ በአጭሩ፦ ለዕፅዋት ምደባ አዲስ አበባን የሚያህል የለም፤ ብሔራዊው የዕፅዋት ቤተ መዘክር እዚያ ነው፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተሰኙት ጥራዞችም የተሠሩት እዚያ ነው። ለደን ወንዶ ገነት፣ ለውኃ አርባ ምንጭ፣ ጣናን ለሚሻ ባሕር ዳር። የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ለሁሉም ግድ ነው።

ሐረማያ ላይ ግን ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ደንገጎን ወጥታችሁ ከድሬ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ የምታገኙት ስለሆነ ትንቁታላችሁ። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አበርክተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት ያኔ ዓለማያ ይባል ከነበረው ከዚሁ ግቢ ነው። ከግቢው አጠገብ ደግሞ የሐረማያ ሐይቅ አለ። ሐረር ትጠጣው የነበረ ሐይቅ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት አይተናል፤ ሐረርም ውኃዋን ከእኛው ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ወደ ላይ በፓምፕ ማስመጣት ያዘች። ጫቱንና አትክልቱን የሚያጠጣው ሞተር፣ ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል፣ የከተማው ፍጆታ ሁሉም እጃቸው አለበት። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሷል። ለምን ተመለሰ፣ ይቆያል ወይ፣ ዓሣውና ወፉስ? ይህ ለአንድ ሰው አይበቃም፤ ለአሥር ተማሪ የሚሆን ጥያቄ ነው። ከዚያው ደጋ የወረደ ጎርፍ ነው ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. የደቻቱን ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደብን። በደረቀው የወንዙ አሸዋ ላይ በቀን ኳስ ስንጫወት ውኃው ከየት እንደሚመጣ ማን አሰበ?

ውጭ የምታስቡ አላችሁ፤ አልከለክልም። አሜሪካ በባዮሎጂ ማስተርስ ሳይዙ በቀጥታ ከመጀመሪያ ዲግሪ ዶክትሬት መግባት ይቻላል፤ አብዛኞቹ ክፍሎች ክፍያውን ሸፍነው፣ እያስተማራችሁ ወይም ላብ ውስጥ እየሠራችሁ ደመወዝ ይሰጧችኋል። አውሮፓ ማስተርሱን አስቀድሙ ይላችኋል፤ ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው በሁለትና ከዚያ በላይ አገር የሚያስተምረው ሙሉ ወጪ የሚችልበት ዕድል አለው። በጀርመን፣ በኔዘርላንድስ፣ በስዊድን ዶክትሬት ብዙ ጊዜ እንደ ሥራ ተቀጥራችሁ የምትሠሩት ነው። ለፕሮፌሰር ስትጽፉ ግን ገጽ ሙሉ ማወደስ ተዉ። እኔ ያረምኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ «ክቡር ሆይ» ብለው ይጀምራሉ፣ ጥያቄ ሳይኖራቸው ያልቃሉ። «የሰፈሬ በርሜሎች ውስጥ በጥር ወር የአኖፌለስ እጭ አገኘሁ» ብላችሁ ብትጀምሩ ያነባል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሆነው ያዩት ይህን የሚመስል ነገር ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ፤ ከታች በኩል ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፍፈዋል። ሴቶቹ ዘመናቸውን ሙሉ በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል። እሳቸው ቆመው አዩና ለምን አሉ።

ልጅቷ ወደ በርሜሉ ተመለሰች። «ጋሼ፣ የሃይላንድ ጠርሙስ አለ?» አለችኝ። ሰጠኋት። በሻይ ማንኪያ እየጨለፈች ጋደም ያሉትን ለብቻ፣ የተዘቀዘቁትን ለብቻ በሁለት ጠርሙስ ለየቻቸው፤ ሰባትና አሥራ አንድ ሆኑ። ቤቷ ውስጥ እንዳይፈለፈሉባት አፋቸውን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰርኩላት። የትኛውን ወረቀት እንደምትፈርም አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳት። ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሳቢያን ስትሄድ ጠርሙሶቹን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ ይዛ ነበር። እኔ በርሜሉን ደፍቼ በገል ፈተግኩት፤ ዳሩ ላይ የተለጠፈ እንቁላል እንዳይቀር።