ጊታሩን የመታው እጅ የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በለንደንና በሎስ አንጀለስ ከታተሙት የሮክ ሸክላዎች ብዙዎቹ ላይ ጊታሩን የተጫወተው ሰው ሽፋኑ ላይ ፎቶው የወጣው ሰው አይደለም። የስቱዲዮ ሰዓት ውድ ነበር። ገና ከጭፈራ ቤት መድረክ የመጡ ወጣቶች አንድ ዘፈን ለማስተካከል ቀኑን ሲፈጁ፣ በሙያው የበሰለ ቅጥር ተጫዋች በሦስት ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ዘፈን ጨርሶ ይወጣል። በ1965 የወጣው የበርድስ «ሚስተር ታምቡሪን ማን» ሲቀረጽ ከባንዱ አባላት መሣሪያ የተጫወተው ባለ 12 ክር ጊታር የያዘው ሮጀር ማጊን ብቻ ነበር። ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ድምፃቸውን ብቻ ሰጡ፤ ከቅጥር ተጫዋቾቹ ከበሮውን ሃል ብሌይን፣ ቤዙን ላሪ ኔክተል፣ ሁለተኛውን ጊታር ጄሪ ኮል ተጫወቱ።

እነዚህን ሳይጠቀሱ የቀሩ ሰዎች መለየት የሙዚቃ ታሪክ ሥራ ቢመስልም ከሥሩ የዕውቀት ጥያቄ አለበት፤ ያለፈ ድርጊት የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ወረቀት፣ ጆሮና ትዝታ ለምስክርነት ይቀርባሉ። አንዳቸውም ብቻቸውን አይበቁም።

በአሜሪካ የሙዚቀኞች ማኅበር የክፍያ ውል በዕለቱ የተቀጠሩትን በስም ይዘረዝራል። ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የሚመሰክረው ግን ሰውየው መከፈሉን ነው። ሦስት ጊታሪስቶች በተጠሩበት ቀን ሶሎውን የተጫወተው የትኛው እንደሆነ ውሉ አይናገርም።

ጆሮ ብዙ ሰው የሚያምነው ምስክር ነው። ልምድ ያለው አድማጭ ጊታሪስቱን ከክር አሳሳቡና ከድምፁ መንቀጥቀጥ እለየዋለሁ ይላል፤ አንዳንዴም ይሳካለታል። ይሁን እንጂ ድምፅ ሆን ተብሎ ሊለወጥ ይችላል። በ1968 የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን «ዋይል ማይ ጊታር ጀንትሊ ዊፕስ» ላይ እንዲጫወትለት ኤሪክ ክላፕተንን ስቱዲዮ ይዞት ገባ። ክላፕተን በቢትልስ ሸክላ ላይ የውጭ ሰው አይጫወትም ብሎ አመንትቶ ነበር። ከተጫወተም በኋላ ድምፁ ከባንዱ ድምፅ ጋር እንዲዋሐድ በቴፕ ፍጥነት እንዲወዛወዝ ተደረገ፤ ስሙም ሽፋኑ ላይ አልወጣም። ዛሬ ክላፕተን መሆኑ ያለ ጥርጥር የሚታመነው በቦታው የነበሩት ሰዎች ቃል ስለገጠመ ነው። ሃሪሰን በበኩሉ በ1969 በወጣው የክላፕተን ባንድ የክሬም «ባጅ» ላይ ሲጫወት «ላንጄሎ ሚስቴሪዮሶ» ተብሎ ተመዘገበ። ሽፋን ላይ ስም መገኘቱም እንግዲህ ዋስትና አይሆንም።

ከመርሳት የባሰው ስሕተት ሥራውን ለሌላ ሰው መስጠት ነው። ኪንክስ በ1964 «ዩ ሪሊ ጋት ሚ»ን ሲቀርጹ ጊታሪስቱ ዴቭ ዴቪስ ገና የ17 ዓመት ልጅ ነበር። የትንሿ አምፕሊፋየሩን ስፒከር ወረቀት በምላጭ ቀዶ፣ ከዚያ በፊት በሸክላ ብዙም ያልተሰማ ሻካራ ድምፅ አወጣ። ያን ጊዜ በለንደን ስቱዲዮዎች በቅጥር ይጫወት የነበረው ጂሚ ፔጅ በኋላ ሌድ ዘፕሊንን መሥርቶ ሲገን፣ ሶሎው የፔጅ ነው የሚል ወሬ በረታ። ፔጅ ራሱ አልተጫወትኩም አለ፤ ፕሮዲዩሰሩ ሼል ታልሚም የተጫወተው ዴቭ ነው ሲል መሰከረ። ወሬው ግን ለዓመታት አልሞተም። ዝና የሌላውን ሥራ ወደ ራሱ ይስባል፤ ባለዝናው ባይፈልገው እንኳ ሕዝቡ ያሸክመዋል። የስሙ ትልቅነት እንደ ማስረጃ በተቆጠረ ቁጥር የሚበደለው ምላጩን የያዘው ልጅ ነው።

ቅጥር ተጫዋች ዋጋውን ተቀብሎ ሄዷል፣ ሌላ ምን ይፈልጋል የሚል መከራከሪያ አለ። በኤሮስሚዝ የ1974 አልበም ውስጥ ባለው «ትሬይን ኬፕት ኤ ሮሊን» ዘፈን ላይ ሶሎዎቹን የተጫወቱት ዲክ ዋግነርና ስቲቭ ሃንተር ነበሩ፤ ስማቸው ሽፋኑ ላይ አልሰፈረም፤ አድማጩም የባንዱ ጊታሪስቶች መስለውት አደነቀ። ገቢውንና የሸክላውን ባለቤትነት በውል ማስተላለፍ ይቻላል፤ በዚህ መከራከሪያው ትክክል ነው። እነዚያን ሶሎዎች የተጫወቱት እነርሱ መሆናቸው ግን ንብረት አይደለምና አይሸጥም። ተጫዋቹ ዝም ለማለት ሊስማማ ይችላል፤ በስምምነቱ የሌላ ሰው እጅ ተጫወተው ሊባል አይችልም።

ትዝታ ሲጋጭ ነገሩ ይከብዳል። በ1968 የወጣው የዶኖቫን «ኸርዲ ገርዲ ማን» ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ዶኖቫን ራሱ ለጂሚ ፔጅና ለአላን ሆልድስዎርዝ ሲሰጥ፣ ዘፈኑን ያቀናበረውና ቤዙን የተጫወተው ጆን ፖል ጆንስ የአላን ፓርከር ነው ብሏል። ሁለቱም ስቱዲዮው ውስጥ ነበሩ፤ አንዳቸውንም ውሸታም የሚያሰኝ ነገር የለም። የአቀናባሪ ሥራ እያንዳንዱ መሣሪያ ምን እንደሚጫወት መከታተል ስለሆነ የጆንስ ቃል ይከብዳል፤ ፓርከር ደግሞ ከፔጅ ያነሰ ዝና ያለው ሰው በመሆኑ ስሙን የሚጎትተው ወሬ አልነበረም። ሚዛኑ ወደ ፓርከር ያደላል፤ ክርክሩ ግን አልተዘጋም።