«ከሰው ተራ የወጣ» ሰው አለን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሳምንት ቤተ ክርስቲያናችን መጻጉዕን ታስባለች። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ይህ ሰው፣ ጌታችን መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው የሰጠው መልስ ልብ ይነካል። ስለ በሽታው ጽናት አላወራም። ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው (ዮሐ. 5፥1-9)። በዙሪያው እኮ ሕዝብ ሞልቶ ነበር! እርሱ ግን ሰው አጥቷል።

እስቲ የራሳችንን አነጋገር እናስተውል። ልጃችን ተምሮ ሥራ ሲይዝ «ተመስገን፣ ሰው ሆነ» እንላለን። የደኸየውን፣ የታመመውን፣ አእምሮው የተነካውን ደግሞ «ከሰው ተራ ወጣ» እንላለን። በኦሮምኛም ሰው ሲነቀፍ «ነመ ሚቲ»፣ ማለትም «ሰው አይደለም» ይባላል። ለካ ሳናውቀው ለሰው መሆን ደረጃ አውጥተንለታል! ገንዘብ፣ ጤናና መልክ ያለው ይገባል፤ ያጣው ይወጣል። ታዲያ ሰውን ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ክብሩስ ከየት የመጣ ነው?

ይህ ጥያቄ የዓለም ፈላስፎችንም ሲያከራክር ኖሯል። ጀርመናዊው ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ነገር ሁሉ ወይ ዋጋ አለው ወይ ክብር አለው አለ። ዋጋ ያለውን በሌላ መተካት ይቻላል፤ ክብር ያለውን ግን በምንም መተካት አይቻልም። መልካም ተናገረ። ነገር ግን የሰውን ክብር የመሠረተው በማሰብ ችሎታው ላይ ነው። በዘመናችን ፒተር ሲንገር የተባለው ፈላስፋ ሰውን በችሎታው የመመዘኑን መንገድ እስከ ጫፉ ሄደበትና፣ አራስ ሕፃን ገና ራሱን ስለማያውቅ ከሙሉ ሰው እኩል አይቆጠርም እስከ ማለት ደረሰ። እንዲህ ከሆነማ አርጅታ ልጆቿን መለየት ያቃታት እናታችንስ ምን ልትባል ነው? አሜሪካዊቷ ፈላስፋ ኤቫ ኪታይ ይህን አስተሳሰብ አጥብቀው ተቃውመዋል። እርሳቸው ከባድ የአእምሮ እድገት ችግር ያለባት ልጅ ያሳደጉ እናት ናቸው። ሰው ሁሉ የእናት ልጅ ነው፤ ክብሩ በችሎታው አይሰፈርም ባይ ናቸው።

እኛ ደግሞ ከዚህ በላይ የተማርነው አለ። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጥሯል (ዘፍ. 1፥26-27)። ይህ መልክ ሠርተን ያገኘነው ደመወዝ አይደለም፤ ስለዚህ ስንታመም ወይም ስንደኸይ የሚቆረጥብን ነገር የለም። መቶ ብር ጭቃ ውስጥ ብትወድቅብን አንስተን እናጥባታለን እንጂ «ቆሽሻለችና ብር አይደለችም» ብለን አንጥላትም። ዋጋ ላላት ወረቀት እንዲህ ከሆንን፣ ክብር ላለው ሰውማ እንዴት ልንሆን ይገባን ነበር?

ነገሩን ወደ ደጃችን እናምጣው። ከነቀምት ተነሥታችሁ በዲጋ በኩል ወደ ጊምቢ ስትሄዱ መሬቱ ቀይ ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ለማሳው በረከት ነው። ነገር ግን በእንዲህ ያለው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው፣ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት በሽታ አንዱ መነሻ ይህ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአገራችን ባደረጉት ምርምር በሽታው ከቀይ አፈር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚያመላልሱ ሥሮችን ይጎዳሉ። ከጊምቢ ወዲያ ባለው በጉሊሶ ወረዳ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ከመቶ ነዋሪ ሦስት ያህሉ እንደታመመ ይገልጻል። በአገር ደረጃ ደግሞ ሕመምተኛው ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል።

ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው?» ዓይነት ጥያቄ ሲያነሡ ጌታ እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ ነግሯቸዋል (ዮሐ. 9፥1-3)። በአንዳንድ ቤተሰብ ለበሽታው ቶሎ የመጋለጥ ጠባይ በዘር መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ከልጅነቱ ጫማ የሚያደርግና እግሩን በሚገባ የሚታጠብ ይጠበቃል። የታመመውም በየቀኑ እግሩን በሳሙና ቢታጠብ፣ በደንብ ቢያደርቅ፣ ቅባት ቢቀባ፣ ሲቀመጥ እግሩን ከፍ ቢያደርግ፣ ካልሲና ጫማ ቢለምድ ይሻለዋል። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄዱን አይተው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። «አይተላለፍም፣ ስለዚህ አትሽሹት» ብሎ ማስተማር ተገቢ ነው። በዚህ ብቻ ካቆምን ግን የሚተላለፍ በሽታ የያዘውን ወገናችንን ምን ልንለው ነው? የሰው ክብር የሐኪም ወረቀት እስኪመጣ ይጠብቃል? ከበሽታ መጠንቀቅ ሌላ፣ ሰውን መናቅ ሌላ። ጥንቃቄ ለጊዜው ራቅ ያደርገን ይሆናል፤ ስሙን እንድንረሳው፣ ሰላምታ እንድንነፍገው ግን አያዘንም። ክብሩን እኛ አልሰጠነውምና ልንወስድበት አንችልም። ልንነፍገው የምንችለው የሚገባውን አክብሮት ነው፤ እርሱን ስንነፍግ ደግሞ የሚጎድለው የእኛ ሰውነት ነው።

በጾም ወራት ምጽዋት እናበዛለን፤ መልካም ነው። ግን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተቀመጠው ሳንቲም ጣል አድርገን ስናልፍ ስሙን ጠይቀን እናውቃለን? ወደ ዝክራችን ጠርተነው ከእኛው ጋር ከአንድ መሶብ በልቷል? ዕድራችን ተቀብሎታል? የልጁን ጋብቻ ስናይ «የእነ እገሌ ዘር» ብለን አልሸሸንም? ለሰው እንጀራ ሰጥቶ ሰው መሆኑን መካድ ይቻላል፤ ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቤተ መቅደስ ስንገባ ስፍራው ቅዱስ ነውና ጫማችንን እናወልቃለን (ዘፀ. 3፥5)። ሥርዓቱ የተቀደሰ ነው። ነገር ግን እግሩ ያበጠው ወንድማችን ጫማውን ሲያወልቅ እኛ አፍጥጠን የምናየው፣ አፍንጫችንን የምንይዝ ከሆነ እንዴት ይገባል? ሰንበት በመጣ ቁጥር ከአጥር ውጭ ይቀራል። እኛ ለግንቡ ጫማችንን አውልቀን፣ የእግዚአብሔርን መልክ የተሸከመውን ሰው ግን ደጅ አስቀረነው ማለት ነው። ሥርዓቱ አልከለከለውም፤ ያስቀረው ዓይናችን ነው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይተን ጸሎተ ሐሙስ ይደርሳል። ጌታችን ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ (ዮሐ. 13፥1-17)። አሳልፎ የሚሰጠውን እያወቀ የይሁዳን እግር እንኳ አላለፈም። በዚያ ቀን ካህናት አባቶቻችን እግራችንን ሲያጥቡን፣ በየመንደራችን የሚያጥበው ያጣ እግር እንዳለ አንርሳ። ሳሙና ይዘን እንሂድ፤ ጫማ የሌላትን ልጅ ጫማ እንግዛላት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰውየውን በስሙ እንጥራው፤ በቅዳሴም ከአጠገባችን ቦታ እንልቀቅለት። መጻጉዕ ያጣው ሰው እንሁን።

አምላካችን በወንድሞቻችን ላይ ያለውን መልኩን የምናይበት ዓይነ ልቡና ይስጠን። ጾሙን የኃጢአት መደምሰሻ፣ የበረከት ማግኛ ያድርግልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።